የ125ኛው ሰው ኑሮ

ክቡር አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁ ቴኒስን ሲያነሳ ከዋንጫ አንሺዎች አይወርድም። አሜሪካዊውን ኖህ ሩቢንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዊምብልደንን የታዳጊዎች ዋንጫ ወሰደ፤ በ2017 በአውስትራሊያ ኦፕን ሁለተኛ ዙር ከሮጀር ፌደረር ጋር ተጋጥሞ 3 ለ 0 ተሸነፈ፣ ግን ተናንቆ ነው። የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 125ኛ ነበር። በእግር ኳስ ቢሆን ኖሮ በዓለም 125ኛው ተጫዋች ባለጸጋ ነው! በቴኒስ ግን ደመወዝ የሚከፍል ክለብ የለም፤ የአውሮፕላን ትኬቱም የአሠልጣኙም ክፍያ ከራስ ኪስ ነው። በትንንሽ ውድድሮች በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ብዙውን ጊዜ ከስሮ ይመለሳል። ሩቢን በ2019 የተጫዋቾችን ብቸኝነትና ጭንቀት በራሳቸው አንደበት የሚያስነግር የኢንስታግራም ገጽ ከፈተ፤ ኋላም ቴኒስን ወደሚመስለው፣ በትንሽ ሜዳ ወደሚጫወቱት ፒክልቦል ዞረ። እኔ አልፈርድበትም። ስለ እንዲህ ያሉትም ጻፉልን እንጂ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ