የነርቭ መረብን ለማስተማር ውድ ቺፕ እስኪገዛ አንጠብቅ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ዘመናዊ ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ውድ ቺፕ) የሌለው ተቋም ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ማስተማር አይችልም የሚል ሐሳብ በጋዜጣችሁ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነኝ። ይህ ሐሳብ የሚያደርሰውን ጉዳት በቅርብ አይቻለሁ። ቀድሞ ባስተማርኩበት ኮሌጅ የካርዶቹ ግዢ እስኪጸድቅ እየተባለ ኮርሱ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ፣ ተማሪዎቹ ሳይማሩት ተመርቀው ወጡ።

ጂፒዩ አያስፈልግም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ምስል በመለየት ውድድር ሁሉን ያስደነቀው አሌክስኔት የተባለ የነርቭ መረብ የሠለጠነው በ2 ጂቲኤክስ 580 የጂፒዩ ካርዶች ነው። ነገር ግን ትልቅ ሞዴል ማሠልጠን ሌላ፣ የነርቭ መረብ፣ ማለትም ከምሳሌ እየተማረ ራሱን የሚያስተካክል የስሌት ሥርዓት፣ እንዴት እንደሚማር ማሳየት ሌላ።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ሮዘንብላት ቡፋሎ ላይ የሠራው ማርክ 1 ፐርሴፕትሮን፣ ከቀደምቶቹ የነርቭ መረብ ማሽኖች አንዱ፣ 20 በ20 የተደረደሩ 400 ብርሃን ጠቋሚዎች ነበሩት። ክብደቶቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ግብዓት በስንት ተባዝቶ እንደሚደመር የሚወስኑት መጠኖች፣ ፖቴንሽዮሜትሮች (እንደ ራዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚዞሩ ማዞሪያዎች) ነበሩ፤ ማሽኑ ሲማር ኤሌክትሪክ ሞተሮች ያዞሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በርናርድ ዊድሮውና ተማሪው ቴድ ሆፍ ደግሞ የመጻፊያ እርሳስ ግራፋይት በመዳብ ሰልፌት ውስጥ ነክረው፣ የሚለብሰው መዳብ ሲወፍርና ሲሳሳ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመግታት መጠኑ) የሚለዋወጥ ክብደት አበጁ። ይህን የማይችል የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ የለንም።

እኛ 4 ብርሃን ጠቋሚ ሬዚስተሮችን 2 በ2 አድርገን ካርቶን ላይ ሰካን። እያንዳንዱን ከአንድ ፖቴንሽዮሜትር ጋር አገናኘን፤ በማዞሪያዎቹ የሚያልፉት ምልክቶች ድምር ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ኦፕ-አምፑ (ምልክቶችን የሚያጎላና የሚያወዳድር ቺፕ) ኤልኢዲ የተባለውን ትንሽ መብራት ያበራል። ተማሪው ከፊሉን ጋርዶ ምሳሌ ያሳያል። መልሱ ከተሳሳተ ብርሃን ያገኙትን ማዞሪያዎች ብቻ በጥቂቱ ያዞራል፤ ትክክል ከሆነ አይነካም። የግራውን ዓምድ ከቀኙ መለየት ወዲያው ይሳካል። ቀጥዬ ቋሚ መስመርን ከአግድም ለዩ እላቸዋለሁ። ቢያዞሩ ቢያዞሩ አንዱ ሲቃና ሌላው ይበላሻል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ወረቀት አውጥታ አሰላችው። ሁለቱ ቋሚዎች አንድ ላይ አራቱንም ጠቋሚዎች ይይዛሉ፣ ሁለቱ አግድሞችም እንዲሁ፤ ስለዚህ ጠቅላላ ድምራቸው እኩል ነው። አንዱን ጥንድ ከወሰኑ በላይ፣ ሌላውን ከወሰኑ በታች የሚያደርግ አዟዟር ሊኖር አይችልም። ተመራማሪዎቹ ሚንስኪና ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ፐርሴፕትሮን በሒሳብ ያሳዩትን ዓይነት ገደብ በእጇ አገኘችው። ከግብዓቱና ከመልሱ መካከል ተጨማሪ የክብደትና የድምር ንብርብር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጉግል ለነርቭ መረብ ስሌት በሠራው የመጀመሪያው ቲፒዩ ቺፕ ውስጥ 256 በ256፣ ማለትም 65,536 አባዥና ደማሪ ክፍሎች አሉ፤ ሥራቸው ያው ማባዛትና መደመር ነው። በዛሬዎቹ ቺፖች ብዙ ኃይል የሚበላው ክብደቶቹን ከሜሞሪ ማመላለሱ ነው። በፖቴንሽዮሜትሩ ግን ማባዛቱ የሚከናወነው ክብደቱ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ሜምሪስተር ላይ፣ ማለትም ያለፈበትን ኤሌክትሪክ በሬዚስታንሱ በሚያስታውስ ክፍል ላይ፣ የሚደክሙ ተመራማሪዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ብየዳ የሚችል ተማሪ ከዘርፉ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

የቴክኒክ ኮሌጆች ኃላፊዎች ግዢውን ይቀጥሉ፤ ኮርሱን ግን በያዝነው ሴሚስተር ያስጀምሩ። የሰርኪዩቱን ሥዕልና የመልመጃውን ቅደም ተከተል ለሚፈልግ መምህር ሁሉ በነፃ እሰጣለሁ፤ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ይጠይቁኝ።

የኤሌክትሮኒክስ መምህር
ከኮምቦልቻ