የመጎብኘት ውሳኔ አስፈጻሚ ይኑረው

ለአዘጋጁ፦

ጉዳዬ ከፍቺ በኋላ አባቶች ልጆቻቸውን የመጎብኘት መብት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ልጁን ማን እንደሚያሳድግና ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚገናኙ ፍርድ ቤት እንዲወስን ያዛል፤ እናትን ከአባት አያስቀድምም። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ውሳኔው «እሁድ ከ3 እስከ 11 ሰዓት» ይላል፤ አባት አዲስ ጫማ ይዞ በር ሲያንኳኳ «አክስቱ ጋ ሄዷል» ይባላል። ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ ቀጠሮ መጠበቅ ነው፤ ሕፃን ደግሞ በወራት ውስጥ ፊት ይረሳል።

ቀለብ የማይከፍሉ አባቶች አሉ፤ በሕግ ይገደዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወላጆችን የማወቅ መብት የሰጠው ግን ለልጁ ነውና መብቱ የቀለብ ዕዳ መያዣ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ፍርድ ቤቶች የርክክቡን ቦታና ልጁን የሚያስረክበውን ሰው በውሳኔው ላይ ይጻፉ፤ የጉብኝት አፈጻጸም አቤቱታም በ7 ቀን ውስጥ ይታይ።

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ