የሞግዚቷንም ክፍያ ጻፊው

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነን! በየሳምንቱ የምንላላከው «ሻባት ሻሎም» የልብ አያደርስም።

የድምፅ መልእክትሽን ደጋግሜ ሰማሁት። እዚያ እስራኤል በቂርያት ሞሼ ሠፈር ያሉትን እናቶች አሰባስበሽ ዓሙታ (የበጎ አድራጎት ማኅበር) ልታቋቁሚ ማሰብሽ በጣም ደስ ብሎኛል። «አንቺ ኒው ዮርክ ከፋውንዴሽኖች ጋር ነው የምትውዪው፤ እስቲ መንገዱን ንገሪኝ» ብለሻል። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔም ሻይዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ በወጉ አውርተን አናውቅም። የምሠራበት የአይሁድ ሴቶች ድርጅት በቤታቸው ጥቃት የሚደርስባቸውን ሴቶችና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችን ይረዳል። እኔ ገንዘቡ ከፋውንዴሽን፣ ማለትም ለበጎ ሥራ ገንዘብ ከሚሰጥ ተቋም፣ እንዲመጣ፣ ከመጣም በኋላ በተባለው ቦታ እንዲውል እከታተላለሁ። ማን መቼ ማመልከቻ እንደሚቀበል፣ የትኛው ብር ለምን እንደታሰረ፣ የማን ሪፖርት ቀን እንደደረሰ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። ሰው ፕሮፖዛል መጻፍ ይመስለዋል። ፕሮፖዛሉ ትንሹ ነው። ዋናው ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ቃል የተገባውን መፈጸም፣ የተለወጠ ነገር ካለ ሳይጠየቁ ማሳወቅ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ከልብሽ አውጪ። ይሄ ልመና አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን ማውጣት አለበት። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠችውም ሴትዮ የምታምነው ሰው ትፈልጋለች። ገንዘቡ እሷ ጋ ነው፤ ሥራውን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። አንገትሽን ደፍተሽ አትግቢ።

ደግሞም መንገዱን ቀድመው የጠረጉ ሴቶች አሉ። በ1893 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ትልቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲካሄድ ሐና ሰሎሞን የምትባል ሴት የአይሁድ ሴቶችን እንድታስተባብር ተጠየቀች። ወንዶቹ ያሰቡላቸው ሥራ እንግዳ መቀበልና ቡና መቅዳት ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ ጥለው ወጡ። የራሳቸውን ጉባኤ ጠሩ፤ ከዚያም የአይሁድ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ተወለደ። ዛሬም አለ። በ1912 ደግሞ ሄንሪታ ዞልድና ጓደኞቿ እዚሁ ኒው ዮርክ ሐዳሳ የሚባለውን የአይሁድ ሴቶች ድርጅት መሠረቱ። በዓመቱ ነርሶች ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ። ሁለት ነርሶች ብቻ። ናታን ስትራውስ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ በገንዘብ አገዛቸው። ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ዔን ካሬም ያለው ትልቅ ሆስፒታል አጀማመሩ ያ ነው። ስለዚህ «እኛ እኮ ጥቂት ነን» አትበዪኝ።

ያ ታሪክ እኛም ጋ ይደርሳል። የሐዳሳ ሴቶች ወጣቶችን ወደ እስራኤል አምጥቶ ለሚያስተምረው ለአሊያት ሃኖዓር ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ኖረዋል። ከኢትዮጵያ የመጣን ስንትና ስንት ልጆች በፕኒሚያ (በአዳሪ ትምህርት ቤት) የተማርነው በዚያ በኩል ነው። አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ሆነን መሄጃችንን ስንጠብቅስ? የአሜሪካ አይሁዶች የርዳታ ድርጅት፣ ጆይንት፣ የከፈተውን ክሊኒክና ትምህርት ቤት ታስታውሻለሽ? ያኔ ማን እንደሚከፍል ማን ጠየቀ! አሁን ግን አንድ ደረሰኝ ከበጀት ጋር ሳስታርቅ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። እዚህ የሆነ ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ ባይለፋ ኖሮ እኛ መርፌውንም ደብተሩንም አናገኝም ነበር።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ለፋውንዴሽን ከመጻፍሽ በፊት ማን እንደሆነ እወቂ። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽን ሁሉ በየዓመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል የግብር ፎርም ይሞላል። ፎርሙ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ፕሮፐብሊካ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ። ለማን ስንት እንደሰጡ አንድ በአንድ ተጽፏል፤ ቦርዱ ውስጥ እነማን እንዳሉም አለ። ድረ ገጻቸው ላይ «ለሴቶች እንቆማለን» የሚሉ ሞልተዋል፤ አንቺ ግን ዝርዝሩን እዪ። ሁሉም ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲና ለሙዚየም ከሄደ ጊዜሽን አታጥፊ። እስራኤል ውስጥ ላለ ትንሽ የሴቶች ማኅበር አንዴም ቢሆን ሰጥተው ካየሽ፣ እሱን ያዢ። ሙሉ ፕሮፖዛል አትላኪ። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይበቃል።

ውድድሩ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደሚሉት አሜሪካ ውስጥ ከሚለገሰው ገንዘብ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ድርጅቶች የሚደርሰው ከ2 በመቶ በታች ነው። ይሄ ያናድደኛል፤ ስንት ዓመት ሠርቼበትም አልለመድኩትም። ኒው ዮርክንና ቺካጎን በመሳሰሉ ከተሞች የአይሁድ ሴቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው የራሳቸውን ፋውንዴሽን ያቋቋሙትም ለዚህ ነው። እነሱን በመጀመሪያ ረድፍ አስቀምጪያቸው።

አንቺ ጋ ደግሞ የወረቀቱ ጣጣ አለ። ራሻም ሃዓሙቶት፣ የማኅበራት መዝጋቢው፣ ዘንድ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ሰጪዎች ኒሁል ታኪን፣ ማለትም ማኅበሩ በወጉ እንደሚተዳደር የሚመሰክረውን ወረቀት፣ ይጠይቁሻል። አዲስ ዓሙታ ወዲያው አያገኘውም። እስከዚያው የቆየና ስሙ ንጹሕ የሆነ ዓሙታ ፈልጊና በእነሱ ጥላ ሥር ጀምሪ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመድ ቢሆኑም። የአሜሪካ ሰጪ በቀጥታ ወደ ውጭ ለመላክ ብዙ ማጣራት ስላለበት፣ ብዙዎቹ በአገናኝ ተቋም በኩል ይልካሉ። ከ1922 ጀምሮ ያለው ፔፍ አንዱ ነው። ሒሳብ ሠራተኛሽን ስለሱ ጠይቂው።

አሁን ዋናው። በጀትሽ ላይ እውነተኛውን ወጪ ጻፊ። ፋውንዴሽኖች ለ«ፕሮግራም» መስጠት ይወዳሉ፤ ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለደመወዝ ሲሆን እጃቸው ያጥራል። ባለፈው ዓመት ለእናቶች የማታ ኮርስ ባዘጋጀነው በጀት ላይ አስተባባሪ፣ አስተርጓሚ፣ የአውቶቡስ፣ ዳቦና ቡና፣ ሞግዚት ብለን ነበር። ስሙን የማልነግርሽ አንድ ፋውንዴሽን ሞግዚቷን ሰርዞ «ከትምህርቱ ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ መለሰልን። ደወልኩላቸው። ኮርሱ የሚጀመረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሕፃን ያላት እናት በዚያ ሰዓት ልጇን ለማን ትታ ትምጣ? ሞግዚት በነበረችባቸው ሳምንቶችና ባልነበረችባቸው የተፈረመውን የስም ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላቸው። ሁለተኛው ወረቀት ግማሹ ባዶ ነበር። ሞግዚቷን በጀቱ ላይ መለሷት። እና አንቺም የሞግዚቷን ክፍያ ጻፊው። የራስሽንም ደመወዝ ጻፊው። የኛ ሴቶች በነጻ ሠርተው ሠርተው ሲደክማቸው ማኅበሩ አብሮ ይበተናል፤ ስንቱን አይተናል።

ሌላው አደራዬ ነው። የእናቶቻችንን ጉስቁልና ለገንዘብ ብለሽ አታሳዪ። አንድ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያውያን እናቶች የተጻፈ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «ያልተማሩ፣ ራሳቸውን የማይችሉ» ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። እነዚህ እኮ ልጅ አዝለው ከጎንደር ሱዳን በእግራቸው የገቡ ሴቶች ናቸው። በዚያ መንገድና በሱዳን የስደተኞች ካምፖች 4,000 ያህል ሰው ነው ያለቀው። ይህችን ሴት ራሷን አትችልም ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁትና የጎደላትን ብቻ ጻፍኩ፦ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤት) የሚመጣላትን የዕብራይስጥ ደብዳቤ የሚያነብላት፣ ፍርድ ቤት አብሯት የሚቆም፣ የሚታመን ሰው። ገንዘቡም መጣ። ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ራምባም ጽዳቃን (ምጽዋትን) በስምንት ደረጃ ሲከፍል ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውን ራሱን እንዲችል ማድረግን ነው። የአይሁድ ፋውንዴሽን ቦርድ ይሄን በደንብ ያውቀዋል፤ ከዚያ ተነስተሽ ጻፊ።

በአንድ ሰጪ ላይ ብቻ ደግሞ እንዳትቆሚ። በዚህ ሥራ የቆዩት የ2008ን ዲሴምበር ሲያነሱ ፊታቸው ይለወጣል። የሰውን ገንዘብ አተርፋለሁ እያለ ያጭበረብር የነበረው በርናርድ ማዶፍ ሲያዝ እሱ ጋ ሀብታቸውን ያስቀመጡ ፋውንዴሽኖች ተዘጉ፤ ፒካወር አንዱ ነበር። ሐዳሳም ከማዶፍ ሒሳቧ ካወጣችው ላይ 45 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማች። ከኦክቶበር 7፣ 2023 ወዲህም ብዙ ገንዘብ ወደ አስቸኳይ እርዳታ ዞሯል። መዞርም ነበረበት። ነገር ግን ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት ጦርነት መጣ ተብሎ ዱላው አይቆምላትም። እሷን የሚያስታውስ ሰው በዚያን ሰሞን በጣም ያስፈልጋል፤ እኔም ያን ክረምት ሙሉ ስደውልና ስጽፍ የከረምኩት ለዚሁ ነበር።

የበጀቱን ረቂቅም ቢሆን ከሐጊም (ከበዓላቱ) በፊት ላኪልኝ። የበዓላቱ ወር ቲሽሬ ከገባ እዚህም እዚያም ሰው አይገኝም። የእናቶቹን ስም ግን እንዳትጽፊበት፤ ፊደል ብቻ አድርጊ፤ ወረቀቱ ብዙ እጅ ላይ ስለሚያልፍ። እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት አቆጣጠር እደውልልሻለሁ፣ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።

አብሮ አደግሽ፣
ከኒው ዮርክ