«ጠፉ» ስለተባልነው ታካሚዎች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ደሴ ታካሚዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለእናቴ። «የምርመራ ውጤታቸውን ሳይወስዱ በግንዛቤ እጥረት የሚጠፉ ታካሚዎች» የሚለው ላይ ስደርስ እናቴ አቋረጠችኝና «አንቺን ነው እንዴ የሚሉት?» አለች። አዎ፣ እኔን ነው። የዘገባው ሌላው ነገር ይቆየንና ስለዚህች «መጥፋት» ስለምትባል ቃል ብቻ ልንገራችሁ።

ኮምቦልቻ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥር 20 ቀን ደሴ ላይ ከአንገቴ ንፍፊት ናሙና ተወሰደልኝ። ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ገባ፤ ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይደርሳል ተባልኩ። የደረሰው ሚያዝያ 3 ቀን ነው። 73 ቀን መሆኑ ነው። በዚህ መሀል ከአንዱ በስተቀር በተቀጠርኩበት ቀን ሁሉ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ተገኝቻለሁ። የዚያን ቀንም የቀረሁት በዋዜማው ስደውል «አልደረሰም፣ ለምን ትደክሚያለሽ» ስለተባልኩ ነው። በኋላ ካርዴ ሲገለጥ ሳየው «በቀጠሮዋ አልተገኘችም» ተብሎ ተጽፎበታል። ዘጋቢያችሁ የጠፉትን የቆጠረው እንዲህ ካለ ካርድ ላይ ከሆነ እኔም አንዷ ነኝ።

ናሙናዬስ የት ነበር? መጋቢት 9 ቀን መዝገቡ ሲታይ ስሜ አለ፣ ጠርሙሱ የለም። ማን እንደተረከበው፣ ወዴት እንደተላከ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። «እንደገና ይወሰድ» ተባለና አንገቴ ዳግመኛ ተከፈተ። ሁለተኛውን ግን ለማንም አላስረከብኩም። ወንድሜ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በፌስታል አድርጎ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄደ። በአንድ ቀን የሚገባበት መንገድ ተዘጋ ተብሎ ከሚሴ ላይ ሁለት ሌሊት አደረ፤ ጠርሙሱ ከእጁ አልተለየም። ዘገባችሁ ያለው የግንዛቤ እጥረት ከዚህ ውስጥ የቱ ጋ ነው? የእህቱን ሥጋ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያደረ ሰው ምን እንዲያውቅ ነው የምትፈልጉት?

ስለ መጠበቁ ራሱ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋችሁ ደግሞ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ናሙናው ለምን እንደሚወሰድ ስጠይቅ «ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ነው» ተባልኩ። ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ ሁለት በሽታ ተሸክሟል። ሳንባ ነቀርሳ ሲባል ቲቢ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ሲባል ግን ብዙ ሰው ካንሰር ነው የሚለው። የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘልኝም። የአክታ ምርመራዬ ቲቢ የለም ስላለ፣ እንግዲያው የቀረው ያኛው ነው ብዬ ደመደምኩ። ቲቢ ሳንባን ሳይነካ ንፍፊት ላይ ብቻ ሊሆን እንደሚችል፣ ያን ጊዜ አክታ ላይ ላይታይ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ያንን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት እተኛ ነበር!

ማታ ማታ በሥራዬ ሜትር አንገቴን እለካ ጀመር። አንድ ቀን 34፣ በማግስቱ 34 ተኩል፤ ሜትሩን አላልቼ ይዤው ይሁን እብጠቱ ጨምሮ ለይቼ አላውቅም። ሌሊት ተነስቼ ደግሞ እለካለሁ። በመጨረሻ እናቴ ሲመሽ ሜትሩን እየወሰደች ትራሷ ሥር ታሳድረው ጀመር። ጠዋት ለሥራ ትመልስልኛለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ የማታውን ቡና ወደ እኔ ቤት አዞሩት። በረካው ሳይጠጣ ማንም አይነሳም፤ «አብሽሪ» ብለው ዱዓ ያደርጉልኛል፣ «ማርያም ትድረስልሽ» የምትለዋም እዚያው መሀላቸው ናት። ስለ ውጤቱ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ላለመጠየቅ ተነጋግረው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ባለሙያዎቹን ለመክሰስ አልተነሳሁም። በ2014ቱ ጦርነት የደሴም የኮምቦልቻም የጤና ተቋማት ምን እንደደረሰባቸው እዚሁ ሆኜ አይቻለሁ። ናሙናዬን የወሰደችልኝ ልጅ እጇ ቀና፣ አንደበቷም ጥሩ ነበር። ቅሬታዬ በእናንተ ላይ ነው። ኃላፊዎችን ጠየቃችሁ፣ የተናገሩትን እንዳለ አወጣችሁ፣ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ግን አንድ ሰው አላናገራችሁም። የኮምቦልቻ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። ከባቲ፣ ከወረኢሉ የመጡት፣ ማደሪያ አጥተው ደጅ የሚያነጉት የሉም። ከእኔ ጎን ትቀመጥ የነበረች እናት ለትራንስፖርት ዶሮ ሸጣ ነው የመጣችው፤ «በሌላ ቀን ነይ» ተብላ ተመለሰች። በሌላው ቀን ሌላ ዶሮ ከሌላት እሷም ጠፊ ልትባል ነው?

አንድ ነገር ማጣራት ከባድ አልነበረም። ናሙና የተወሰደበት ቀን ይጻፋል፣ ውጤቱ የወጣበትም ቀን ይጻፋል። ሁለቱን ቀን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ይበቃ ነበር። ሰው መጥቶ ውጤቱ ሳይኖር ሲቀርና ውጤቱ ኖሮ ሰው ሳይመጣ ሲቀር አንድ አይደለም። እናንተ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ «ጠፉ» አላችሁ፤ ጥፋቱን በሙሉ በታካሚው ትከሻ ላይ አሸከማችሁ።

የእኔ ውጤት የንፍፊት ቲቢ ነው። መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥ፣ 6 ወር የሚወሰድ ነው። ጥር ላይ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወደ ማብቃቱ ነበርኩ። አሁን ሁለት ወሩን ጨርሻለሁ፣ አራት ይቀረኛል፤ ከጤና ጣቢያው አንድ ቀን አልቀረሁም።

ካርዴን ማየት ከፈለጋችሁ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ። ያቺን ቃል ግን አርሙልኝ። ማረሚያው ሲወጣ ለእናቴ አነብላታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከኮምቦልቻ