ቅዳሜ የቪንሰንትና የካትሪንን ድራማ እንደገና እናያለን

ውድ አባላት፣

በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መታየት የጀመረውን «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ በዲቪዲ እናየዋለን። ከቀኑ 9 ሰዓት አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ተገናኝተን አብረን ወደ ቤቴ እንሄዳለን።

በመጀመሪያው ክፍል ካትሪን ከኒው ዮርክ ምድር በታች ስትነቃ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ያዳናትን፣ አንበሳ የሚመስል ፊት ያለውን ቪንሰንትን የምታውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ እባካችሁ ቆሎ አይቆርጠም! ሦስተኛው ምዕራፍ ካትሪንን የምትጫወተው ሊንዳ ሃሚልተን ከድራማው የወጣችበት ስለሆነ ቢቀር እመርጣለሁ፤ እናንተስ?

ቡናው ከእኔ ነው። ማጫወቻዬ ሁለተኛውን ዲስክ እየዘለለ አስቸግሯል፤ ደህና ማጫወቻ ያለው ይዞ ይምጣ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ፤ ወንበር የምዋሰው ከጎረቤት ነው።