ለአባባ፣ ከጌንት

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ናሆም ቁመቱ እኔን አልፎኛል። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ፣ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ ስታለቅስ ዋለች፤ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው።

እትዬ ሐኪሙ ያለውን ነገረችኝ። እርስዎ «ብርድ ነው» ብለውኝ ነበር። እሺ፣ ብርድ ይሁን። ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጡ።

ቅዳሜ ከናሆም ጋር ኢፕር ከተማ አጠገብ ያለውን፣ ኮረብታ 60 የሚባለውን የአንደኛው ዓለም ጦርነት ቦታ አየን። ኮረብታ ይበሉት እንጂ ለባቡር ሐዲድ ሲቆፈር የተደፋ አፈር ነው። የ1ኛው የአውስትራሊያ ዋሻ ቆፋሪ ጦር ሐውልት አለ፤ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጥይት በሳስቶታል። ከሥር 24 እና 32 ቶን ገደማ ሁለት ፈንጂዎች ነበሩ። ካናዳውያን ሞልተው ያስረከቧቸውን አውስትራሊያውያኑ ሰባት ወር ጠበቋቸው። ጀርመኖቹም ይቆፍሩ ስለነበር ሥራቸው በአብዛኛው ማዳመጥ ነበር፤ በጨለማ፣ ጭቃ ላይ ተቀምጦ፣ ትንፋሽን ውጦ የዶማ ድምፅ መጠበቅ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1917 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ላይ ሻምበል ኦሊቨር ዉድዋርድ አፈነዳቸው። በሲቪል ዓለም የማዕድን ሰው ነበር። አንደኛው ጉድጓድ ዛሬ ኩሬ ሆኗል።

ናሆም ስለ ፍንዳታው ይጠይቀኛል፤ የእኔ ሐሳብ ግን ማዳመጡ ላይ ቀረ።

ሦስተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ስገባ እጅዎን አንስተው «ዝም!» አሉኝ። ጎረቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ጆሮዎን ግድግዳው ላይ ለጥፈው እስኪመሽ ቆሙ። እኔም ከኋላዎ ቆምኩ። ካርዱን አላዩልኝም፣ በማግስቱም አልጠየቁኝም። ሠላሳ ዓመት ተቀይሜዎታለሁ። አሁንም አልተወኝም፣ አልዋሽዎትም። ግን ያን ዕለት የሰሙት የጎረቤታችንን ዶማ ነበር ወይስ የናቅፋን ጦር ሜዳ? እማዬ በዓይኗ እየከለከለችን አንድም ቀን አልጠየቅንዎትም። እርስዎም አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ደግሞ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አባባ።

የላክሁልዎት የጆሮ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል አሉ። ባትሪው አልቆ ከሆነ ለእትዬ ይንገሯት፣ ሰው ሲመጣ እልካለሁ። እሑድ ማታ ስደውል ያድርጉት። ልጠይቅዎት የምፈልገው ነገር አለኝ። ካልፈለጉ ስለ ልጆቹ እናወራለን።

ልጅዎ