ዓባይስ ማደሪያ አለው

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አፈር መሸርሸር የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። የጸሐፊው ቁጭት የእኔም ቁጭት ነው። ያልተስማማሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ የሄደው አፈራችን ደብዛው ጠፍቷል ይላሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በላቦራቶሪ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

ዓባይ ማደሪያ አለው። ከናይል ዴልታ ባሻገር፣ በሜዲትራንያን ባሕር ወለል ላይ፣ ወንዙ ያወረደው ደለል በንብርብር ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። ከናይል ደለል ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዓባይና ተከዜ በሚቀላቀለው በአትባራ ወንዝ በኩል የሚወርድ የእኛ ከፍታዎች ፍርፋሪ ነው።

የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? አሸዋው ይታጠባል፣ ይነፋል፣ ከዚያም ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። ቀላሉ ማዕድን ኳርትዝ ይንሳፈፋል፤ ከባዶቹ ማዕድናት ይሰምጣሉ። የሰመጡትን መስታወት ላይ አጣብቄ አንድ በአንድ እቆጥራቸው ነበር፤ ለአንድ ናሙና እስከ ሦስት መቶ ቅንጣት። ቡናማና አረንጓዴ የሚያሳየው ፓይሮክሲን የተባለ ማዕድን የባዛልት፣ ማለትም የጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ልጅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ከፍታዎቻችንን ካለበሰው እሳተ ገሞራ የወጣ ነው። አምፊቦል የተባለው ሌላ ማዕድን በብዛት ከታየ ደግሞ ወንዙ ከባዛልቱ ሥር ያለውን ጥንታዊ ድንጋይ እየበላ ነው ማለት ነው። ከባሕሩ ወለል በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ እነዚህን ቅንጣቶች ከታች ወደ ላይ እየቆጠረ የሚሄድ ሰው፣ ተራራው የትኛውን ልብሱን መቼ እንዳወለቀ ያያል።

ነገር ግን ቅንጣት መቁጠር ብቻውን ያሳስታል። ፓይሮክሲን ከብዙ ደለል ሥር ተቀብሮ ሲቆይ ይሟሟል። በጥልቁ ንብርብር ውስጥ አለመገኘቱ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ምንም አልመጣም ማለት አይደለም፤ መጥቶ ሟሙቶ ይሆናል። እኔም ሥራ በጀመርሁ ሰሞን በዚህ ተሳስቼ ታርሜአለሁ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጭቃውንም ይጠይቃሉ። በውስጡ ያሉት የአንድ ንጥረ ነገር ሁለት ዓይነት አቶሞች፣ የስትሮንሺየም 87 እና የስትሮንሺየም 86፣ ምጣኔ በባዛልታችን 0.704 ገደማ ነው፤ ከነጭ ዓባይ በኩል በሚመጣው ጭቃ ግን ከ0.710 በላይ ነው። ማዕድኑ ቢሟሟ እንኳ ይህ አሻራ በቀላሉ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከዴልታው ሥር በወጡ የጉድጓድ ናሙናዎች ላይ እንዲህ ያሉ አሻራዎችን መርምሮ፣ ናይል ከኢትዮጵያ ከፍታዎች ጋር የተገናኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ቀደም ሲል ብዙዎች ይህን የጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ያደርጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ ከዓባይ ተፋሰስ ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ድንጋይ ተቦርቡሮ መሄዱን ገምቷል። በአንድ ክረምት የሚታጠበው የማሳ አፈር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለገበሬው ማጽናኛ ይሁነው ብዬ አልጻፍሁትም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። የባሕሩን ጭቃ ለማንበብ ምንጩን ማወቅ ግድ ነው። በሽሎ ከባዛልት አገር ይወርዳል፤ ዳቡስ በአብዛኛው በጥንታዊው ድንጋይ ላይ ይፈስሳል። የእያንዳንዱ ገባር አሸዋ ምን እንደሚመስል በእጃችን ካልያዝን፣ ባሕር ውስጥ የተገኘውን ቅንጣት ከየት መጣህ ብለን ልንጠይቀው አንችልም። እኔ በነበርሁበት መሥሪያ ቤት ከየገባሩ ዳር ለዓመታት የተሰበሰበ አሸዋ በየጠርሙሱ ተሰይሞ ተቀምጦ ነበር። ቢሮው ሲዛወር «ይህ አሸዋ ምን ይሠራል?» ተባለና ከግንባታ ፍርስራሽ ጋር በጭነት መኪና ሄደ። ያን ቀን አለቀስሁ፤ ለመናገር አላፍርም።

እንደገና ይሰበሰብ ቢባልም ሁሉም አይገኝም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ አብዛኛው ደለል ወደ ባሕር አይደርስም። በሕዳሴ ግድባችን ውኃ ሥርም ብዙ የቀድሞ የወንዝ ዳርቻ ተኝቷል። በግድቡ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ደስታዬ ግን ያልተሸፈኑት ገባሮች አሸዋ ዛሬውኑ እንዲሰበሰብ፣ የተወሰደበት ቦታና ቀን እንዲጻፍበት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሙዚየም በቋሚነት እንዲቀመጥ ከመጠየቅ አያግደኝም። የሚያስፈልገው መደርደሪያ፣ መዝገብና የሚጠብቀው ሰው ነው።

በዚያ ቀን ከጭነቱ ላይ ዘጠኝ ጠርሙስ አውርጃለሁ። ሦስቱ ከበሽሎ፣ ሁለቱ ከጀማ ወንዝ፣ አራቱ ከተከዜ ናቸው፤ ጽሑፋቸው አልደበዘዘም። በአግባቡ መዝግቦ ለሚያስቀምጥ ተቋም እሰጣለሁ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የላቦራቶሪ ሠራተኛ